ጋራዥ ደጃፍ ላይ የምትድን መኪና

አሮጌ መኪና መንገድ መሐል ሞተሯ ጠፍቶ ኮፈኗ ሲከፈት፣ ከየት መጣ የማይባል ጉባኤ ይሰበሰባል። አንዱ ገና ሳያጎነብስ «ቦቢና ነው» ይላል፤ ለካንዴላ እሳት የሚያመነጨውን ዕቃ ማለቱ ነው። ሌላው «የምን ቦቢና! የነዳጅ ፓምፕ ነው እንጂ፤ የአክስቴን ልጅ መኪና ልክ እንዲህ ነበር ያደረጋት» ብሎ ይሽረዋል። ሦስተኛው አይናገርም፤ እጁን ሰዶ ያገኘውን ሽቦ ነቅነቅ ያደርጋል። ሞተሩ በዚያች ደቂቃ በአጋጣሚ ከተነሳ ሰውየው ዕድሜ ልኩን መካኒክ ነው።

«መቼ መቼ ነው የምትጠፋው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ጥያቄ ነገር ያዘገያል፤ ጉባኤው ደግሞ የመጣው መልሱን ይዞ ነው።

አልፎ አልፎ የሚጠፋ ሞተር ክፋቱ ሰው ፊት ጨዋ መሆኑ ነው። ጥርስ ሐኪም በር ላይ ሲደርስ ሕመሙ እንደሚተወው ሰው፣ መኪናዋም ጋራዥ ስትደርስ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞረው ዙር) ጸጥ ያለ፣ አነሳሷ በግማሽ ዙር ይሆናል። መካኒኩ ባለቤቱን ከላይ እስከ ታች ያየዋል። ባለቤቱም ውሸታም ላለመባል «ለማንኛውም ካንዴላውን ቀይርልኝ» ይላል። በሳምንቱ ፓምፕ፣ በወሩ ቦቢና፣ ቀጥሎ ባትሪ ይቀየራል። መኪናዋ አሁንም ትጠፋለች፤ ልዩነቱ አዲስ ዕቃ ይዛ መጥፋቷ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ መፍቻ አይፈልግም፤ አጠፋፏን ማየት ነው። ሳትንተፋተፍ፣ ሳታስጠነቅቅ በአንዴ ቀጥ ካለች ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። እያነቃት፣ ወደ ኋላ እየጎተታት፣ ነዳጅ በተረገጠላት ቁጥር እየባሰባት ከጠፋች ደግሞ ወደ ነዳጁ። ማርሿ የእጅ ከሆነ የተሻለ ምስክር አለ፤ የሞተር ዙር መቁጠሪያው ቀስት። ሞተሩ ሞቶ መኪናዋ በማርሽ እየተንከባለለች ሳለ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ቀስቱም አብሮ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ሞተሩ እየዞረ ቀስቱ በድንገት ዜሮ ላይ ከወደቀ የጠፋው የኤሌክትሪክ ምልክቱ ነው፤ የክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን መዞር ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው) ወይም የቦቢናው የኤሌክትሪክ ወረዳ (ሰርኪት) ይመረመራል። ያሳዝናል፣ አሽከርካሪው በዚያች ቅጽበት የሚያየው ቀስቱን ሳይሆን ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋበትን ሰው ነው። (ሞተር ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም ይጠጥራል፤ ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግሞ ከመርገጥ አንዴ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ቁልፉንም መኪናዋ ሳትቆም አለመንቀል፤ መሪው ይቆለፋል።)

ዳር ከያዙ በኋላ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ቁልፉን ሃያ ጊዜ ማዞር ነው። ይህ ማስረጃ ማጥፋት ይባላል። ጥፋቱ ያለው አሁን ነው፤ ሞተሩ ከተነሳ አብሮ ይጠፋል። ሁለት ነገር ብቻ ይታይ። በኢንጄክሽን (ኮምፒዩተር በሚያዘው የነዳጅ መርጫ) የምትሠራ ከሆነች ቁልፉን ሳያስነሱ ሲከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ከኋላ ለ2 ሰከንድ ያህል «ዝዝ» ማለት አለበት። ቀጥሎ ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) ሲዞር የካንዴላ እሳት መኖሩ በእሳት መፈተሻ ይታያል። የካንዴላውን ኬብል በእጅ ይዞ «አለ፣ የለም» የሚለው የጉባኤው አባል መኖሩን በመላ አካሉ ያረጋግጣል፤ እሱን መምሰል አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከፋው ሲሞቅ የሚመጣው ጣጣ ነው። መኪናዋ ከሞቀች በኋላ ትጠፋለች፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ ስታርፍ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። እዚህ ላይ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ ክራንክ ሴንሰር፣ ቦቢና እና የእሳት መቆጣጠሪያው ሞጁል። ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ወይም ብየዳ ተሰንጥቆ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። መካኒኩ ቀዝቅዞ ሲለካው ጤነኛ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሲሞቅ ይለካ። ክራንክ ሴንሰሩ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ አውጥቶ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም፣ ማለትም የሽቦ መቋቋም መለኪያው ላይ ማድረግና በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው። ብዙዎቹ ከ200 እስከ 1000 ኦም ባለው ውስጥ ያነባሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ ነው። የሚጠበቀው ግን ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ማለቱ ሳይሆን በድንገት ወደ መጨረሻ የለሽ መዝለሉ ነው፤ ሽቦው ተቋርጧል ማለት ነው። ባለ ሦስት ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ስለሆነ በኦም አይፈረድበትም። (ፀጉር ማድረቂያው ከቤት ሲወጣ የሚነሳው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።)

የነዳጁ ወገን ደግሞ ተንኮሉ ከታንኩ ይጀምራል። በአሮጌ ታንክ ውስጥ ዝገትና ደለል አለ። ፓምፑ ሲስብ ቆሻሻው መሳቢያው ወንፊት ላይ ይለጠፋል፤ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ ነዳጅ ያጥራል፣ ሞተሩ ይታነቃል። ሲቆም መሳቡ ስለሚቀር ቆሻሻው ይረግፋል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መኪናዋ ትነሳለች፣ ባለቤቱም «ደክሟት ነው» ይላል። ታንኩ ሳይታጠብ የተቀየረ አዲስ ፓምፕ ያንኑ ዝገት ይጠጣል። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ከተደፈነም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ እንደጠፋች ክዳኑ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ በኃይል ከሳበና ወዲያው ከተነሳች፣ ጥፋቱ ማንም ባልጠረጠረው ክዳን ላይ ነው። የነዳጁን ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) መለካት ክርክሩን ያሳጥረዋል፤ በኢንጄክሽን ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ባር፣ በካርቡሬተር (በአሮጌው የነዳጅና አየር መቀላቀያ) ከ0.2 እስከ 0.4 ባር አካባቢ።

ጌጅ ለሌለው ጥሩ ዘዴ አለ። ከፓምፑ የኤሌክትሪክ መስመር ባለ ፊውዝ ሽቦ ስቦ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ዳሽቦርዱ ላይ ማሰር። አምፖሉ ቀድሞ ጠፍቶ ሞተሩ ከተከተለ ፓምፑ ከጥፋት ነጻ ነው፤ ሪሌው (የፓምፑ አውቶማቲክ ማብሪያ)፣ ፊውዙ ወይም የቁልፉ ማብሪያ ይጠየቃል። አምፖሉ እየበራ ሞተሩ ከተንተፋተፈ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ወደ ፓምፕና ወደ ነዳጅ ፊልትሮ (ማጣሪያ) መሄድ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላማ ኮምፒዩተሩ ራሱ ፓምፑን ያጠፋዋል።

የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ብቻ የምትጠፋ ከሆነች ቀላል ነው፤ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባውን በር ጥላሸትና የሚኒሞ ቫልቩን ማጽዳት ይቀድማል። ፍሬን ሲረገጥ ከጠፋች የፍሬን ሰርቮው (የፍሬን ማቅለያው) የአየር ቱቦ ይፈተሽ። የኋላ ማርሽ ሲገባ ከጠፋች ከአየር ፊልትሮ ወደ ሞተር የሚሄደውን ወፍራም ላስቲክ አጥፎ ማየት ነው፤ ሞተሩ ሲያጋድል ስንጥቁ አፉን ይከፍታል።

ቁልፍ ማንጠልጠያውም አይረሳ። የቤት፣ የቢሮ፣ የቁም ሣጥን፣ ከተሸጠ የቆየ ቤት ቁልፍ ሳይቀር በአንድ ላይ ተንጠልጥሎ ማብሪያውን ለዓመታት ይጎትተዋል። መኪናዋ በሚኒሞ እየሠራች ቁልፉን ነቅነቅ ሲያደርጉት ከጠፋች ባለቤቱ ንብረቱን ያራግፍ፣ ማብሪያውንም ይቀይር። የማሳው ሽቦም (ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ የሚያገናኘው) እንዲሁ ነው፤ ሞተሪኖው ሲዞር በሞተሩ አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከ0.2 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ከተነበበ ቡሎኑን ፈትቶ ማጽዳት ከአዲስ ቦቢና ይረክሳል።

ኮድ አንባቢ መሣሪያ የያዘ ሰው ሲመጣ ጉባኤው ጸጥ ይላል። መሣሪያው «ፒ0335» ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሴንሰር ቀይር!» ይላሉ። ኮዱ ግን የሚለው የክራንክ ሴንሰሩ ወረዳ ላይ ችግር አለ ነው። ወረዳ ማለት ሴንሰሩም፣ ሽቦውም፣ ዘይት የገባበት ሶኬትም ነው።

ይህ ሁሉ የሰለቸው ባለቤት የመጨረሻውን ጥገና ያደርጋል፤ ይሸጣታል። «ምንም እንከን የሌላት፣ በቤተሰብ የተያዘች» ትባላለች። ለሙከራም ገዢውን በቀዝቃዛ ሞተር፣ በሜዳ መንገድ፣ አሥር ደቂቃ ያዞረዋል። ገዢ ሆይ፣ የሙቀት መለኪያው መሐል ደርሶ ግማሽ ሰዓት እስኪያልፍ ንዳት። ዳገት አውጣት። አጥፍተህ 15 ደቂቃ ጠብቅና አስነሳ፣ ኤሲውንም ከፍተህ በሚኒሞ አቁማት። በዚህ መሐል ሻጩ ሰዓቱን ደጋግሞ ካየ፣ ቁልፉን ነቅነቅ አድርገው።