የአሰብን ሹፌር «በዘልማድ ነጂ» ማለት ነውር ነው

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ እንግዳ ስለ ከባድ መኪና አደጋ ሲናገሩ ሰማሁ። የዛሬው ጥፋት ከድሮ ሹፌሮች የተወረሰ ነው አሉ። እነዚያ ሰዎች ከረዳትነት ተነስተው በዘልማድ የሚነዱ ነበሩ አሉ። መንገዱ ባዶ ስለነበር ሥራውም ቀላል ነበር አሉ። ሬዲዮኑን ዘጋሁት፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ቀላል? መንገዱ ባዶ ነበር ማለት እኮ ብትቆም የሚደርስልህ የለም ማለት ነው። በደብረ ብርሃን በኩል አሰብ ወደብ የሚወርድ ሹፌር የጣርማበርን ተራራ ያቋርጥ ነበር። ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ደብረ ሲናን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን አልፎ አፋር በረሃ ይገባ ነበር። መጨረሻው ቀይ ባሕር ዳር ነበር። ይህን ሁሉ የሚነዳው ኤንትሬ ነበር፤ ፊያት 682 የሚባለው የጣሊያን ከባድ መኪና። ተሳቢ እየጎተተ። መሪው በክንድ ጉልበት የሚዞር፣ ማርሹ ፍሪሲዮን (የማርሽ መለወጫው ፔዳል) ሁለቴ ካልተረገጠ የማይገባ።

አጎቴ በዚህ መስመር ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። የጣርማበር ቁልቁለት ሲነሳ ሁሌም የሚሏት አንዲት ነገር ነበረች፦ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ።» በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ፍሬን ብቻ ያመነ ሰው ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ገደል ነው። ይሄ ነው እንግዲህ ዘልማድ የተባለው!

ስለ ረዳትነት ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። ረዳትነት ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ መጀመሪያ መኪና ያጥባል፣ ታኮ (ጎማ ማገጃ ሽብልቅ) ይይዛል። ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋ ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከጎማው ሥር የሚወትፈው እሱ ነው። አንዲት ሰከንድ ከዘገየ መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀጥሎ ጎማ መፍታት ይለምዳል። ካላማዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) መለጠፍ፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበትን ብረት) መግጠም፣ ባልስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ንጣፍ) ማየት፣ ግራሶ (ቅባት) መስጠት። በመዶሻ ጎማውን መታ መታ አድርጎ በድምፁ ነፋሱን ያውቃል። ሞተሩ ሲያጉረመርም ምን እንደጎደለው ይሰማል። ዓመታት አልፈው ነው ግቢ ውስጥ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲነዳ የሚፈቀድለት። መሪ የሚጨብጠው መኪናውን ብሎን በብሎን ካወቀው በኋላ ነው። አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ መንገዱ ራሱ አስተምሮታል። የዚያን ጊዜ ረዳት ዛሬ በወራት ሥልጠና ተሳቢ ይዞ የሚወጣውን አሥሩን ያስተምራል። ይህን ስናገር አላመነታም።

አዎ፣ ረዳት ኩርኩም ይቀምስ ነበር። ጭነት ላይ ያድር ነበር። እሱ ይቅር፤ ማንም አይመልሰው። ግን ኩርኩሙን ስንጥል ዕውቀቱን አብረን ለምን ጣልን?

በረሃው ላይ ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። የቆመ መኪና አይቶ የሚያልፍ ሹፌር አልነበረም። ውሃ ያካፍላል፣ ክሪክ (መኪና ማንሻ) ያውሳል፣ ካልሆነም መልእክት ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ሕዝቡ አይሱዙ የጭነት መኪናን ከችኮላው የተነሳ «አልቃይዳ» ብሎ ሰይሞታል፤ ሹፌሩ ይህን ከኤንትሬ ሹፌር ወርሶ ነው? ችኮላው የመጣው ከዚያ ካቢና አይደለም። «ቶሎ አድርስ፣ ቶሎ ተመለስ» ከሚለው ባለንብረት ነው። የሚወቀስ ከተፈለገ እዚያ ይፈለግ።

በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ የጅቡቲ ባቡር በሶማሊያው ጦርነት ሲቋረጥ አገሪቱን ተሸክሞ ያቆማት የአሰብ መስመር ነው። በ1977ቱ ድርቅ እህል ከወደብ ወደ ወሎ ሲገባ መሪ ላይ የነበሩት እነዚሁ «በዘልማድ ነጂዎች» ናቸው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ አሰብ ሲዘጋ ብዙዎቹ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞሩ፣ ሌሎቹ መኪናቸውን አቁመው ቀሩ። አንዳንዶቹ ኮምቦልቻ፣ አንዳንዶቹ አዳማ ዛሬም አሉ። አርጅተዋል፤ አእምሯቸው ግን ንቁ ነው። የሥልጠና መጽሐፍ የሚያዘጋጁት ሰዎች አንድ ቀን ወጥተው ቡና ይጋብዟቸው። የሬዲዮው እንግዳም አብረው ይሂዱና ያሉትን ፊታቸው ላይ ይድገሙት።