የካሊፐር ቀለምና የደንገጎ ቁልቁለት

ሚኒሶታ በረዶው ሄዶ ቀኑ ሞቅ ሲል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ደጁ ላይ መኪና ይፈታል። ብዙ ጊዜ የማየው ደግሞ የፍሬን ካሊፐር ቀይ የሚቀባውን ነው። ካሊፐር ማለት የፍሬኑን ሸራ ይዞ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ግራና ቀኝ የሚጨምቀው ብረት ነው። ቀዩ ፋሽን የመጣው ከውድድርና ከውድ መኪኖች ነው። እንደ ጣሊያኑ ብሬምቦ ያሉ ኩባንያዎች ካሊፐራቸውን ቀይ ቀብተው ስማቸውን ይጽፉበታል። የቶዮታ ካምሪ ባለቤትም በቸርኬው ቀዳዳ ያቺ ቀይ ብልጭ እንድትልለት ይፈልጋል።

ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ የብረት ማስደገፊያ ይገባበታል። ጎማው ይወልቃል። ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ በፍሬን ማጽጃ ይታጠባል። ፒስተኑ፣ የላስቲክ ሽፋኑ፣ አየር ማስወጫው፣ ዲስኩ፣ ሁሉም በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። ካሊፐሩን የፈታ ሰው በሽቦ ያስረዋል እንጂ በፍሬን ቱቦው ላይ አያንጠለጥለውም፤ ቱቦው ይጎዳል። ቀለሙም ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ሳሳ ሳሳ ተደርጎ ተደጋግሞ ይቀባል። የፍሬን ዘይት ጠብ ካለበት ደግሞ ይላጣል፣ ልፋት ገደል ገባ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው አንድ ስንዝር እንኳ ቀድሞ አይቆምም። እኔ ግን ሰዎቹን አልስቅባቸውም። እዚህ ክረምቱን በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላል፤ ቀለም ትንሽ ይከላከላል። መካኒክ በሰዓት ነው የሚያስከፍለው፣ ኪስ ያራቁታል። ከሁሉም በላይ፣ ለቀለም ብሎ ጎማውን ያወለቀ ሰው ያለቀ ሸራና የተቀደደ ላስቲክ ያገኛል። ውበት ፍለጋ የገባ ሰው ሳያስበው ፍሬኑን መረመረ ማለት ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ለአንድ ነባር መካኒክ ሳወራ፣ «አቦ! ጎማ ውስጥ ማን ገብቶ ሊያየው ነው?» አለኝ። ድሬዎች ቀለም ጠልተው አይደለም፤ የባጃጆቹን ጌጥ ያየ ያውቃል። ፍሬን ላይ ግን ቀልድ የለም፤ ምክንያቱ ከሐረር ወደ ድሬ ሲወረድ ያለው የደንገጎ ቁልቁለት ነው። ከሐረር ድሬ 50 ኪሎ ሜትር ከትንሽ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። አብዛኛው ቁልቁለት ደግሞ ከደንገጎ እስከ ድሬ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ተከማችቷል። የሚያውቅ ሹፌር በከባድ ማርሽ ይዞ ይወርዳል። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሽታው ይቀድመዋል።

እዚያ ቁልቁለት ላይ ቁም ነገሩ የፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ድሬ ላይ ዘይት ሲጨመር እንጂ ሲቀየር ብዙ አላየሁም። ይህ ያሳስበኛል።

እጃቸው ግን እጅ ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ የምድር ባቡር ወርክሾፑ ስንቱን ብረት ሠሪ አፍርቷል! የተጣበቀ ካሊፐር ፈትተው፣ ፒኑን አጽድተው፣ ግሪስ ቀብተው እስኪገጥሙ ቡናህ አይበርድም። የተቦረቦረ ዲስክ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካክሎ ይመጣል። ሚኒሶታ ብዙ ጊዜ የሚባለው «አዲስ ግዛ» ነው።

የማልወደው ሌላ ነው። የፍሬኑን ብናኝ በኮምፕረሰር እፍ ሲሉት ጋራዡ በጥቁር አቧራ ይሞላል። ረዳቱ ልጅ ያለ ጭምብል ይስበዋል። በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ነበር፤ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። በፈሳሽ ማጠብ ምንም አይከብድም። መኪናው ደግሞ በክሪክና በድንጋይ ቆሞ ሰው ሥሩ ይገባል። አንዱን ስጠይቀው፣ «እስካሁን አልወደቀም» ብሎ ሳቀብኝ።

ስለዚህ ከዚህ ወደ ድሬ የምትሄዱ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ካላችሁ ቀለሙን ትታችሁ ማስደገፊያ ውሰዱ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። የቀለም ስፕሬይ እንደሆነ አውሮፕላን ላይም አያስገቡትም።