«ፒዲኤፍ አለህ?»

ለሰው መጽሐፍ መጠቆም ደስ ይለኛል። ጥሩ ነገር ካነበብኩ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልችልም። አዲስ አበባን ስናፍቅም የሚናፍቀኝ ይሄው ነው፤ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ አዝዞ ስለ መጽሐፍ ማውራት። ዘንድሮ ግን ጨዋታችንን አንድ ጥያቄ በላው። የትኛውንም መጽሐፍ ልጥራ መልሱ ያው ነው። «ፒዲኤፍ አለህ?»

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁሉም ስለሚያውቀው ዘለልኩት። ከትዝታ መጻሕፍት «ትዝታ ዘአለቃ ለማ»ን አነሳሁ። መንግሥቱ ለማ አባቱን እያስወራ ያዘጋጀው ነው። አንድ የድሮ ሊቅ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው የሚያወጉን ይመስላል። ቋንቋው ብቻውን ይበቃል። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ አንዱ «ቴሌግራም ላይ አይጠፋም አይደል?» አለኝ። ከግጥም የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» ጠራሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ በዓይን ብቻ ካለፋችሁት ግማሹ ይቀርባችኋል አልኩ። «ሶፍት ኮፒውን ላክልኝ» አለ ሌላው። ከልብ ወለድ ደግሞ የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» አልኩ። ወፍራም ነው፣ ለችኩል አንባቢ አይሆንም፣ ለታገሠው ግን ይከፍላል። አሁንም ፒዲኤፍ!

እዚህ ላይ ተናደድኩ። የሞተ ደራሲም ወራሽ አለው። አዳም ግን በዘመናችን የሚጽፍ ሰው ነው።

የምኖረው ለንደን ነው። እዚያም ሰው መጽሐፍ በነፃ ያነባል። የሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ሰጥቶኛል፤ የፈለግኩትን ተውሼ ቤቴ እወስዳለሁ፣ አንድ ሳንቲም አልከፍልም። ደራሲው ግን ባዶ እጁን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት መንግሥት ለተመዘገቡ ደራሲዎች፣ መጽሐፋቸው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለተዋሰበት ጥቂት ጥቂት ይከፍላቸዋል። ለአንድ ደራሲ በዓመት ከ6,600 ፓውንድ አይበልጥም፤ አብዛኞቹ የሚያገኙትም ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። እኔን የነካኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አንባቢው በነፃ ሲያነብ ደራሲው እንዳይጎዳ ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው መኖሩ ነው።

እኛ ጋ ደራሲው ብዙ ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ሂሳብ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። ካጣም ከወዳጅ ይበደራል። መጽሐፉን ለአከፋፋይ በቅናሽ ይሰጥና ብሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። እሱ እየጠበቀ አንድ ሰው ገጾቹን በስልኩ አንስቶ ይለቃቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ይገዛል? ሕግማ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እያለም፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል።

መጽሐፍ ተወዷል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ተማሪን አልወቅስም። ለእሱም ቢሆን ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አራት ኪሎ ላይ ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍቷል። እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድም ተማሪ አልነበረም። ሁላችንም ደመወዝተኞች ነን። የማኪያቶውን ሂሳብ እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል ብለን ተጓትተናል።

አንዱ «ኦሮማይም እኮ የተነበበው እንዲሁ በስውር ነው» ብሎ ሊረታኝ ሞከረ። አይገናኝም! «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ያኔ መጽሐፉን ደብቆ መቀባበል ከጥፋት ማዳን ነበር። ዛሬ «ኦሮማይ» በግልጽ ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንም ገብቷል። የዛሬውን ወጣት ደራሲ ማን አገደበት? ገበያውን የዘጋንበት እኛው ወዳጆቹ ነን።

ማታ ከጓደኞቼ አንዱ መልእክት ላከልኝ። «ዛሬ ስለጠቆምከን እኔም በተራዬ ልጠቁምህ» ይላል። ከሥሩ በቅርቡ የታተመ ልብ ወለድ፣ ሙሉውን፣ በፒዲኤፍ አያይዟል። ልቡ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳልከፍተው አጠፋሁትና «የት እንደሚሸጥ ንገረኝ፣ ገዝቼ አነበዋለሁ፣ ላንተም አንድ እይዛለሁ» ብዬ መለስኩለት።