ወይ አልሞተች፣ ወይ አልዳነች

ላፕቶፔ ጨርሳ ብትሞት እኮ እገላገል ነበር። ሁለት ቀን አዝኜ፣ ተበድሬም ቢሆን ሌላ እፈልጋለሁ። እሷ ግን አትሞትም። የአሳይንመንት ማስረከቢያ ደርሶ ነፍሴ ስትጨነቅ ቀጥ ትላለች። "በቃ፣ አለቀላት" ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትበራለች።

የዛሬን ልንገራችሁ። ጠዋት አብርቻት ሄድኩ። ፊቴን ታጠብኩ፣ አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ተመለስኩ። ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ገና ይዞራሉ። ዎርድን ከፍቼ ክሮም ላይ አራት ታብ ስጨምር ፋኗ እንደ ወፍጮ ጀመራት። ባትሪዋ ለስሙ ነው ያለው፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ አስር ደቂቃ አትቆይም። ቻርጀሩ ራሱ ትንሽ ወደ ላይ ካላለ አይቀበልም፣ ስለዚህ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት አስደግፌለታለሁ። ሰው ጠረጴዛውን በክርኑ ሲነካው የምጮኸውን ጩኸት ብትሰሙ።

ይሄ ሁሉ ይቅር። "ነ" የምትጻፍበት ቁልፍ ሞታለች። እስቲ ያለ "ነ" አማርኛ ጻፉ! ግማሹ ዓረፍተ ነገር የሚያልቀው በ"ነው" አይደል? ከድሮ ፋይል ላይ "ነው"ን ኮፒ እያደረግኩ እለጥፋለሁ። "ሌላ ኪቦርድ ስካባት" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ዩኤስቢ መሰኪያዋ ሁለት ነው። አንዱ አይሰራም። ሌላው ላይ ማውዝ አለ፣ ምክንያቱም ታችፓዷም እንደ ቀኗ ነው።

ጓደኞቼን ሳማክር ግማሹ "ጣላትና አዲስ ግዛ" ይለኛል፣ ገንዘቡን ኪሴ ውስጥ ያየው ይመስል። ግማሹ ደግሞ "የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው፣ አስጠግናት" ይላል። እሱን የሚለኝ ሁሌም አዲስ ላፕቶፕ የያዘው ነው።

እኔም ተናድጄ ራሴ ማጥናት ጀመርኩ። ለካ እንዲህ የምታንቀራፍፈኝ ፕሮሰሰሯ ብቻ አይደለም። ራሟ፣ ማለትም የከፈትኩትን ሁሉ ለጊዜው የምትይዝበት ቦታ፣ 4 ጊጋባይት ነው። ያ ሲሞላ ትርፉን ሃርድ ዲስኩ ላይ ታስቀምጣለች። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፣ በሰከንድ ቢበዛ መቶ ሜጋባይት ገደማ ቢያነብ ነው። በሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ በዚያው በድሮው መሰኪያ በሰከንድ እስከ 500 ሜጋባይት ይደርሳል። ደስ አለኝ። ራምም እጨምርላታለሁ ብዬ የጀርባዋን ብሎኖች ፈታሁ። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ትርፍ መሰኪያ የሚባል ነገር የለም። ብሎኖቹን መልሼ ሳስር አንዱ ተረፈኝ፣ እሱን ተዉት።

ከዚያ የዊንዶውሱ ጣጣ መጣ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ካላመጣሽ፣ ፕሮሰሰርሽ ኢንቴል ከሆነም 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ካልሆነ አልገባም ይላታል። የኔዋ 5ኛ ናት። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት ይነሳባታል፣ ሞክሬውም ቀልጠፍ ብላልኛለች። ግን ለትምህርት የምንጠቀምበት አንድ ሶፍትዌር ከዊንዶውስ ውጪ አይሰራም። አንድ ብቻ! እሱ ነው የያዘኝ።

የሚያበግነኝ ግን ሂሳቡ ነው። ኤስኤስዲው ለብቻው ሲታይ አይከብድም። ባትሪውም፣ ኪቦርዱም እንደዚያው። ሦስቱን ስደምር ግን ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ወደመግዛቱ እየተጠጋሁ ነው። ያገለገለ ልግዛ ስል ደግሞ የሌላ ሰው ብሶት ተወልውሎ ቢሸጥልኝስ? ባትሪውን ከፍቼ አላየው። በዚያ ላይ አምና የስክሪን ማጠፊያዋን አሠርቻለሁ። "ያን ሁሉ አውጥቼባት እንዴት እጥላታለሁ" እያልኩ ስንት ጊዜ ተጨማሪ አወጣሁ መሰላችሁ። ብሩ እንደሆነ ሄዷል፣ ብጥላትም ባስቀምጣትም አይመለስም። አውቃለሁ። ግን እጄ እምቢ ይላል።

ለጊዜው የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ነገ ተነቅሎ ከኔ ጋር የሚሄደውን ብቻ እገዛላታለሁ። ኤስኤስዲው ላፕቶፗ ስትሞት ወጥቶ በማቀፊያ ፋይል መያዣ ይሆነኛል። ባትሪውና ኪቦርዱ ግን ለሷ ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ አብረዋት ይቀበራሉ፤ ስለዚህ አልገዛም። የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ፣ አንዱን ጓደኛዬ ጋ አስቀምጫለሁ። እስክመረቅ ከቆየች ቆየች።

እስከዚያው ግን ከላይ ያነበባችኋቸው "ነው"ዎች በሙሉ አንድ በአንድ የተለጠፉ መሆናቸውን እወቁልኝ።