የወይራው ጭስና የእርጎው ባክቴሪያ ለምን ተለያዩ?

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ እርጎ መድኃኒት ሆኗል። አንዱ በጤና አዳም ጠጡት ይላል። ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጉበት ትላለች። ከስር «ፕሮባዮቲክ» (ለጤና ይጠቅማል የሚባል ሕያው ባክቴሪያ) የምትል ቃል ከተጨመረች በቃ፣ ነገሩ ሳይንስ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። እርጎ ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያ አለ። ተክሎቻችንም ባዶ አይደሉም። እኔን የሚያናድደኝ ባክቴሪያውንና ተክሉን አንድ ላይ የሚመረምር ሰው መጥፋቱ ነው። ቤት ውስጥ ግን ተለያይተው አያውቁም።

እስቲ የገጠር እርጎ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ቅሉ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ቀጥሎ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይደረግና ቅሉ ይደፋበታል። ውስጡ ጭሱን እስኪጠግብ ይቆያል። ከዚያ የታለበው ወተት ይገባና ይከደናል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይረጋል። እርሾ የጨመረ ሰው የለም። ባክቴሪያው ከወተቱ፣ ከቅሉ ግድግዳ፣ ከአላቢዋ እጅም ይመጣል። የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። አሲዱ ወተቱን ያረጋዋል፣ ለብዙ በሽታ አምጪ ተህዋስያንም አይመችም። ብዙ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። ያልፈላ ወተት ብሩሴላ በተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ወይም በከብት ቲቢ ከተበከለ መርጋቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ግራዋም ወይራም ጀርም ይገድላሉ እንላለን። ታዲያ መጥፎውን መርጠው ገድለው፣ እርጎውን የሚያረጋውን ይምሩታል ያለው ማነው? ምናልባት ይምሩት ይሆናል። ምናልባት የጭሱ መጠን ይወስነው ይሆናል። ይሄ እኮ በላብራቶሪ የሚለይ ነገር ነው።

የተለመደውን የመመረቂያ ጽሑፍ እንውሰድ። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል። ጭማቂው ኢ. ኮላይ ወይም ስታፍ የተባለ ባክቴሪያ የተዘራበት የላብራቶሪ ሳህን ላይ ይደረጋል። በማግስቱ ዙሪያው ንጹህ ክብ ከወጣ በማስመሪያ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይለካል። «ተስፋ ሰጪ ውጤት» ተብሎ ይጻፋል፣ ተማሪው ይመረቃል፣ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሳህን ላይማ በረኪናም ጀርም ይገድላል! በሌላ ሕንጻ ደግሞ ሌላ ተማሪ ከእርጎ ላክቶባሲለስ የተባለውን ላክቲክ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያ ለይቶ ያወጣል። ሁለቱ ተማሪዎች ካፌ ውስጥ ካልሆነ አይገናኙም።

የሞከረ የለም ማለቴ አይደለም። የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ገና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእቃ መታጠን በወተትና በእርጎ ላይ ምን እንደሚያደርግ አጥንተዋል። በሩ ያኔ ተከፍቷል። እኛ ግን ብዙ አልገፋንበትም።

«አባቶቻችን የጠጡት ነው፣ ምን ያስፈራል?» ለሚል ሰው ጎረቤታችን ኬንያን አነሳለሁ። ካለንጂን የተባሉት የኬንያ ሕዝቦች ሙርሲክ የሚሉት የረጋ ወተት አላቸው። ቅሉን ውስጡን በእንጨት ከሰል ይለቀልቁታል። በአካባቢው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ስለሚበዛ ተመራማሪዎች ወተቱን መረመሩት። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አሴታልዴሃይድ የተባለ፣ ከካንሰር ጋር የሚያያዝ ኬሚካል አገኙበት። የሚያመርቱት እዚያው ወተት ውስጥ ያሉ ተህዋስያን ናቸው። ይህ ጥርጣሬ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ከሰልና የወይራ ጭስም አንድ አይደሉም። ግን ማንኛውም የእንጨት ጭስ ካንሰር አምጪ ነገሮች ሊኖሩት ስለሚችል፣ የኛንም ቅል መለኪያ ስር ማስገባት ነውር የለውም።

ከሳህን ወጥቶ ሰው ጋ መድረስ እንደማይቀል አውቃለሁ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ውስጥ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተህዋሲ የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ በሽታውን ለመከላከል ትልቅ ተስፋ ነበር። ነገር ግን የመርዛማነት ምርመራው፣ ገንዘቡና ክርክሩ ዓመታት በላ። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው።

የባለቤትነቱም ጉዳይ አለ። የቦረና ሴቶች ወተት ጎርፋ በተባለ የተጠለፈ የወተት እቃ እያጠራቀሙ ኢቲቱ የተባለ የረጋ ወተት ይሠራሉ፣ ለሳምንታትም ይቆያል። ከዚያ የሚወጣ ባክቴሪያ አንድ ቀን ፋብሪካ ቢገባ ከትርፉ ምን ያገኛሉ? ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰቡን መብት ያውቃል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጥቶ ያመጣውን ጣጣ ያየ ሰው ግን የትርፍ ክፍፍሉ ስምምነት ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ይፈረም ይላል።

እስከዚያው ድረስ ትልቅ በጀት የማይፈልግ ሥራ አለ። ግራዋ የሚፈጨው ተማሪ ከስታፉ ጎን አንድ ሳህን ይጨምር፣ እዚያም ላይ ከእርጎ የወጣውን ላክቶባሲለስ ይዝራበት። የሁለቱንም ክብ ለክቶ ጎን ለጎን ያሳየን።