ዋናው የትንኟ ዕድሜ ነው

በትንኝ የሚተላለፉትን የወባንና የደንጊን በሽታዎች ስርጭት በሒሳብ ሞዴል ስለማጥናት ሥራ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ተመራማሪው ከሁሉ በፊት ፕሮግራሚንግ መቻል አለበት ማለቱ አልተዋጠልኝም። ኮድ መጻፍ ይለመዳል። የሚከብደው የትንኟን ኑሮ ወደ ቀመር መለወጥ ነው።

ሮናልድ ሮስ በ1911 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር ወባን ለማጥፋት የመጨረሻዋን ትንኝ ማሳደድ እንደማያስፈልግ፣ ቁጥራቸውን ከተወሰነ ልክ በታች ማውረድ እንደሚበቃ አሳየ። (ሰውየው በሙያው ሐኪም ነበር!) በ1950ዎቹ ደግሞ የወባ ተመራማሪው ጆርጅ ማክዶናልድ የትንኟ ዕድሜ ላይ አተኮረ።

የወባ ተውሳክ ትንኟ ውስጥ ሳይበስል ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ለመብሰል 10 ቀን ይፈጅበታል እንበል። በየቀኑ ከመቶ ትንኞች 90ው የሚተርፉ ከሆነ 10ኛውን ቀን የሚያልፉት 35 ያህል ናቸው። 80 ከሆነ ግን 11 ብቻ! የትንኟን ዕድሜ የሚያሳጥሩት የአጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ፣ እስከተወሰነ ደረጃ ድረስ፣ ተውሳኩ ቶሎ ስለሚበስል ስሌቱ ይለወጣል።

ለሥራው የምታመለክቱ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ስትቀርቡ እናንተም ጠይቁ፦ ትንኝ የሚሰበስቡት ባለሙያዎችና ሞዴሉን የሚሠራው ሰው በሳምንት ስንቴ ይገናኛሉ? መልሱ «መረጃው በኢሜይል ይላክልሃል» ከሆነ እኔ ብሆን ሁለቴ አስብበታለሁ።