የጀልባው ጠቅላላ ጉባኤ

ጀልባ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ መጓጓዣ ነው። ከጠፋ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ይሆናል።

ከባሕር ዳር የተነሣነው ዓባይ ከጣና ተለይቶ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ለማየት ነበር። ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህር አጎቴ፣ ባንክ የሚሠራው ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጡት አክስቴ፣ እኔና ልጆች ነን። የሚነዳን ጎረምሳ ጢሙ ገና አልበቀለም፤ ሆኖም ውሃ ላይ መሪ የጨበጠ ሁሉ ካፒቴን ነውና ካፒቴን አልነው።

ዳርቻውን እንደለቀቅን ከሞተሩ ጎን ፊን እያለ ይወጣ የነበረው ቀጭን ውሃ ቆመ። ሞተሩ ከሐይቁ እየሳበ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዚያ ውሃ ነው፤ ከቆመ ይግላል። ካፒቴኑ ፈጥኖ አጠፋውና ወደ ላይ ገለበጠው። የውሃ መሳቢያው ቀዳዳና ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው መዘውር በሥራሥር ተጀቡነዋል።

«እምቦጭ!» አልን በአንድ ድምፅ።

እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የማይከሰስበት ጥፋት የለም። ዓሣ ሲወደድ እሱ ነው፤ ጀልባ ሲዘገይ እሱ ነው። በዚህኛው እንኳ በእውነት ጥፋተኛ ነበር። አጎቴ ተነሥተው ገለጻ ጀመሩ፦ አረሙ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ መሆኑን፣ አበባው ሐምራዊ መሆኑን፣ በደምቢያና በፎገራ ዳርቻ ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ እንደሚነቅለው አስረዱ። ካፒቴኑ ሥሩን በፒንሳ ነቃቅሎ ሞተሩን ሲያስነሣ አጎቴ ገና ብራዚል ነበሩ።

ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ እንደገና ጠፋ። አሁን ውሃውም ይፈሳል፣ እምቦጭም የለም። ተጠርጣሪ በሌለበት ደግሞ ሁሉም ባለሙያ ነው።

«ካንዴላው ነው» አለ የባንኩ ሰው። የቤት መኪና ስላለው ቃሉ ክብደት ነበረው። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተፈትቶ ተጠረገ፣ ተነፋ፣ ተመለሰ። ገመዱ ሲጎተት ሞተሩ ተነሣ፤ ጥቂት ሄዶ ጸጥ አለ። አጎቴ ካርቡራተሩን ጠረጠሩ። እኔ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት ሳይበዛ አይቀርም አልሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ባላውቅም ዝም ብሎ መቀመጥ አሳፋሪ ነበር። ካፒቴኑ ሁላችንንም በትሕትና «እሺ» እያለ ያሰበውን ይሠራል። የአገራችን ባለሙያ ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው እየቀዘፈ መጣና ጎናችን ቆመ። ሁኔታውን በጥሞና ተመልክቶ፣ «ካንዴላውን አያችሁት?» ሲል ጠየቀ። ሰውየው የተቀመጠበት ታንኳ ላይ ካንዴላ ቀርቶ አንዲት ምስማር የለችም። አስተያየቱ ግን ተመዘገበለት።

ልጆቹ «ጉማሬ! ጉማሬ!» እያሉ ጮኹ። አጎቴ ዞር እንኳ ሳይሉ «ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም» አሉ። ጉማሬውም ጆሮውን አራግፎ ተመልሶ ጠለቀ።

በመጨረሻ ካፒቴኑ ከአክስቴ እግር ሥር ያለውን፣ ሞተሩ በቱቦ የሚጠጣበትን ቀይ የቤንዚን ጀሪካን አየና ደነገጠ። የጀሪካኑ ሆድ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

«እናቴ፣ ክዳኑን ነክተውታል?»

«እላዩ ላይ ያለችውን ትንሿን ብሎን አጥብቄያታለሁ። የቤንዚኑ ሽታ ራሴን አዞረኝ።»

ቤንዚን ከጀሪካኑ የሚወጣው በምትኩ አየር ሲገባ ነው፤ አየሩ የሚገባው ደግሞ በዚያች ብሎን ነው። ሞተሩ ከጅምሩ ደህና ነበር፤ የተጠማው ቤንዚን ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አሉ?» አለ የባንኩ ሰው።

«መቼ ተራ ሰጣችሁኝ?»

አክስቴ ብሎኗን ላላ አደረጓት። ጀሪካኑ እፎይ አለና ሆዱ ተመለሰ፤ ሞተሩም በአንድ ጉተታ ተነሣ። ስንመለስ የባንኩ ሰው ካንዴላው ባይጠረግ ኖሮ አይነሣም ነበር እያለ በስልክ ያወራ ነበር።

ወደብ ስንደርስ አጎቴ ጊዜያችን ባክኗልና ከኪራዩ ይቀነስ አሉ። ካፒቴኑ በበኩሉ ሐይቁ ላይ ከተስማማንበት ሰዓት በላይ ስለቆየን ጭማሪ እንደሚገባው አስረዳ።

አክስቴ ቦርሳቸውን ከፈቱ። «ጭማሪውን እከፍልሃለሁ፣ ልጄ። አንተ መጀመሪያ ጀልባህን የጠገንኩበትን ሒሳብ ንገረኝ።»